ሁለት ወንበር ያላት መኪና

ነጭ የሚባል ቀለም የለም። ይህን የምትለው በቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቀለም የምትቀምመው ልጅ ናት፤ ሰውም ስሟን ትቶ «ቀማሚዋ» ነው የሚላት። አንዱ መጥቶ «ነጭ ስጪኝ» ሲላት ቅንድቧን ታነሳና «የቱን ነጭ?» ትለዋለች። የወተት ነጭ አለ፣ የእንቁላል ቅርፊት ነጭ አለ፣ የአጥንት ነጭ አለ። ገዢው ግራ ይገባዋል፤ ባለ ሱቁ ከኋላ ሆኖ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አንድ ቀን አቻዋ የገጠማት።

ሰውየው በእጁ የመኪና ነዳጅ መክደኛ ይዞ ገባ። ከላይ ፀሐይ የጨረሰው፣ ዳር ዳሩን ዝገት የበላው አሮጌ ክዳን ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ይቅርታ፣ ቀለም የሚቀምሙት እርስዎ ነዎት?»

«አንቱታውን ተወውና ምን ፈልገህ ነው?»

«ይህን ቀለም።»

ክዳኑን አንስታ ገለበጠችው። «የቱን? የላዩን ነው የውስጡን?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ሌላ ሱቅ ይህን የጠየቀኝ የለም። የውስጡን ነው። ፀሐይ ያላየውን።»

ነጩ ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ከዚያ በእንጨት ጫፍ ጥቁር ጠብ አድርጋ አማሰለችና በጣቷ ነክታ ክዳኑ ላይ ቀባችው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ።

«አልመጣም» አለ።

«እርጥብ ቀለም ይዋሻል። ሲደርቅ ነው የሚታመነው።»

ደረቀ። ሱቅ ውስጥ ያለው መብራትም ይዋሻል ብላ ደጅ አወጣችው። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ቆመው ክዳኑን አፍጥጠው አዩት። «ትንሽ ቢጫው በዝቷል» አለ። ልትቆጣው አፏን ስትከፍት እውነትም ቢጫው በዝቷል። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም።

«አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጥርስ ነው የምሠራው። ለወለቀበት ሰው የሚተከል ጥርስ። ጥርስ ነጭ ነው የሚል ሰው ጥርስ አይቶ አያውቅም።»

ሳታስበው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አሁን ብትሸፍኚው ምን ዋጋ አለው፤ ከገባሁ ጀምሮ ሳየው ነበር» አለ ጥርስ ሠሪው።

«እና?»

«እና እኔን እንጀራ የሚያበላ ነገር የለውም። አንዱም የሚጎድለው የለም።»

ቀማሚዋ ሳቀች። ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አያት፤ ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል።

የጥርስ ሠሪው መኪና አሮጌ የስፖርት መኪና ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። ሟቹ አባቱ ሳያገቡ በልጅነት ግለት የገዟት ናት። ልጅ ሲወለድ ሸራ ለበሰች፤ «ልጁ ይደግና» እየተባለ ልጁም አደገ፣ አባትየውም ሞቱ። እናቱ በላይዋ ልብስ ያሰጡባት ነበር፤ ዶሮዎቹም የሹፌሩን ወንበር መፈልፈያ አደረጉት። ጎረቤቱ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲያላግጥበት ጥርስ ሠሪው ሞተሯን ቀስ በቀስ አስነሥቷል። የቀረው ቀለም ነው። ጋራዡ ደግሞ የጠራው ዋጋ ሌላ መኪና ይገዛል።

«ቤቴ ግቢ ውስጥ በሮለር ልቀባት ነው» አላት።

«በሮለር? ግድግዳ መሰለችህ?»

ይህን ብትልም እንደሚቻል ታውቅ ነበር። የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ ማቅጠን፣ ለስላሳ የስፖንጅ ሮለር መያዝ፣ ብዙ ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ብቻውን ለሆነ ሰው አይሆንም። አንዱ በሮለር ከፊት ሲቀባ ሌላው ከኋላው በብሩሽ ጫፍ አረፋውን እየዳበሰ ማጥፋት አለበት።

«ሁለተኛ ሰው አለህ?»

«እናቴ አለች። ግን የመኪናዋን ዓይን ማየት አትፈልግም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። ዝም አላለችም። «እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም» አለች።

ይህ ውሸት ነበር። እሑዷ ባለቤት ነበረው።

ታላቅ እህቷ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው የሞተችው። ሴቷ ልጅና ሕፃኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቀማሚዋ አልጋ ላይ ከግራና ከቀኝ ይተኛሉ፤ ሴቷ «እታለም» ትላታለች፤ ሕፃኑ ደግሞ አፉን ሲፈታ ማንም ሳያስተምረው «እማ» አላት። አባታቸው የመብራት ሠራተኛ ነው። ትሑት ሰው ነው፣ አይጠጣም፣ በመጣ ቁጥር ለልጆቹ ጫማ ይዞ ይመጣል፤ የልካቸውን ግን ገዝቶ አያውቅም። ዝናቡ ሲገባ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው።

አባቷ አንድ ቀን አስቀምጠዋት እንዲህ አሏት። «ወይ ልጆቹን ይዟቸው ይሄዳል፣ ወይ አግብቶሽ አብረሻቸው ትሄጃለሽ። ጠይቁልኝ ብሎ ነው። እኔ አላስገድድሽም፣ ልጄ።» ቢያስገድዷት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ እምቢ የምትለው ሰው ታገኝ ነበር። እናቷ የሟቿን ልብስ አውጥተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። «ላስብበት» አለች ቀማሚዋ። ይህ በሆነ በማግስቱ ነው እንግዲህ ያ የነዳጅ መክደኛ ባንኮኒዋ ላይ ያረፈው።

ለጥርስ ሠሪው አልነገረችውም። ተቆጧት ከፈለጋችሁ፤ እኔም ተቆጥቻታለሁ። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ የማንም እናት፣ የማንም እህት ምትክ ሳትሆን መዋል አማራት፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

እሑድ መጣ። ቤት ውስጥ «ሱቅ ሥራ በዝቷል» ብላ ወጣች። ግቢው ትንሽ ነው፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ገመድ፣ በአጥሩ ጥግ የዶሮ ቤት። መጀመሪያ አሮጌውን ቀለም በሳሙና ውሃና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነበር። ጥርስ ሠሪው አንዷን በር ይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«መንጋጋ መሰለችህ እንዴ? በዚህ አያያዝህ በሯ ሳታልቅ ለራስህም ጥርስ መሥራት ይኖርብሃል» አለችው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉስ ሄዷል፤ ወንበሩን አልለቅም ያለችው ዶሮዋ ናት።»

እናቱ ከበረንዳ ሆነው ይህን ሰምተው ሳቁ። ከፊት ሁለት ጥርሳቸው ልጃቸው የሠራላቸው ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ቀማሚዋ ብትፈልግም መለየት አቃታት። ያኔ ነው ለጥርስ ሠሪው ያላት ነገር ከጨዋታ ያለፈው፤ ሌላዋ ሴት በአበባ ስትሸነፍ ይህችኛዋ በሁለት ጥርስ ተሸነፈች።

የመጀመሪያው ቀለም ሲቀባ የሚያስጠላ ነገር ሆነ፤ ዝገቱም የታችኛው ቀለምም በስሱ ነጭ ውስጥ ይታያል። እናቲቱ ዞር ዞር ብለው አዩና «ይህን ሁሉ ደክማችሁ የተበላሸ ወተት አስመሰላችኋት» አሉ። ጥርስ ሠሪው ተስፋ ቆረጠ። ቀማሚዋ ግን «ስስ ነው የሚያምረው፤ ታገስ» አለችው። በሚቀጥለው እሑድ አሽተው ደገሙት። ከዚያም ሠለሱት። መኪናዋም ከሸራ በታች የቆየችውን መልኳን ቀስ እያለች መለሰች።

ከመቀባታቸው በፊት አቧራው እንዳይነሣ መሬቱን ውሃ ያርከፈክፉና ዶሮዎቹን ይዘጋሉ። ከዚያ እሱ በሮለር ከፊት፣ እሷ በብሩሽ ከኋላ። አንድ ሕግ አላቸው፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ገጽ ከተጀመረ ጫፍ ሳይደርስ አይቆምም። ስልክ ቢጮህ፣ ዶሮ ቢያመልጥ፣ አይቆምም። ከቆመ የቀለሙ ጠርዝ ይደርቅና አዲሱ ሲደርስበት አይዋሃደውም፤ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ዓይናቸውን ከእርጥቡ ቀለም ሳያነሡ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አይተያዩም፤ ሲያዘግም ታዘግማለች፣ ሲፈጥን ትፈጥናለች፣ ትንፋሹን ጆሮዋ ሥር ትሰማዋለች። አንድ ጊዜ እናቱ ለቡና ደጋግመው ቢጠሯቸው አንዳቸውም አልሰሙም። «ደነቆሩ» ብለው ተመለሱ።

አንድ እሑድ ሥራ ሲጨርሱ አንጓዋ ላይ ቀለም ጠብ ብሎባት ነበር። ጨርቅ በአኳራጅ ነክሮ እጇን ያዘና ቀስ አድርጎ ጠረገላት። ቀለሙ ለቋል፤ እሱ ግን አልለቀቀም። እሷም እጇን አልሳበችም። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«መኪናዋ ስታልቅ መጀመሪያ ከጎኔ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አላት።

«ለእናትህ ተውላት» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

«እናቴ ብትሞትም አትገባባትም።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ቀማሚዋ በዚያ ቀን የት እንደደረሰች አወቀች፤ ወደ ቤቷም የሄደችው በረጅሙ መንገድ ነው። ቤት ስትገባ ሕፃኑ ደጃፍ ላይ እየጠበቃት እንቅልፍ ወስዶት አገኘችው።

በቀጣዩ እሑድ ጥርስ ሠሪው ብሩሽ ሊገዛ በወጣበት እናቱ አጠገቧ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«መኪናዋን የምጠላት ይመስልሻል፣ አይደል?»

«ልጅዎ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ይበል። ባሌ ከእኔ በፊት የወደዳት እሷን ነው። ልጁ ሲወለድ ሦስት ሆንን፤ ወንበሯ ሁለት። በዚያው ቀን ሸራ አለበሳት፤ አንድም ቀን አላማረረም፤ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን እሑድ እሑድ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ብቻውን ይገባና መሪውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ እሱ የማላየው ይመስለዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ያውቅ ነበር። ግን ያን መስኮት ነው የምጠላው እንጂ መኪናዋን አይደለም።»

ቀማሚዋ የብርጭቆ ወረቀቱን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አሮጊቷ የእሷን ነገር አውቀው ይንገሯት ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልተረዳችም።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። የቀረው ኮፈኑ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ እጃቸው እስኪለምድ ሆን ብለው ወደ መጨረሻ አቆይተውታል። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

በዋዜማው የእህቷ ባል የልጆቹን ዕቃ ሊያይ መጥቶ ነበር። ሴቷ ልጅ ቦርሳዋን ራሷ አዘጋጅታ አመጣች። አባቷ ሲከፍተው ከልብሷ በላይ የቀማሚዋ ትራስ ተጨምቆ ገብቷል። «ይህ የማን ነው?» ሲላት «የእታለም ነዋ፤ ያለሱ አትተኛም» አለች። ሰውየው ቀና ብሎ ቀማሚዋን አላያትም፤ እንዳያስጨንቃት ነው። እሷም ወደ ጓዳ ገብታ ለአባቷ «እሺ» አለች። እናቷ አቅፈዋት ሲያለቅሱ እሷ አላለቀሰችም።

ወደ ግቢው ስትመጣ በእጇ አንድ ሙሉ ጣሳ ይዛ ነበር። ራሷ ቀምማ፣ እንደ ደንቡ ክዳኑ ላይ በጣቷ ምልክት ቀብታበታለች።

«ይህ ለምንድን ነው? ያለን ይበቃል» አላት።

«ይኑር። እንዲህ ያለ ነጭ ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም።»

ጀመሩ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሮለሩ በኮፈኑ ላይ እርጥብ ድምፅ ያሰማል። ዛሬ ቀለሙ ከምንጊዜውም በላይ ገርቷል፤ ብሩሿ ሲያልፍበት እንደ ወተት ቆዳ ይለሰልሳል። ፊቱን ሳታይ ልትነግረው የምትችልበት ቦታ ይህ ብቻ እንደሆነ ገባት። ኮፈኑ መሐል ሲደርሱ ተናገረች።

«የእህቴን ባል ላገባ ነው።»

ሮለሩ ቆመ።

«አታቁም» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«አታቁም፣ ጠርዙ ይደርቃል። እህቴ ሁለት ልጆች ትታ ሞታለች። እኔ ነኝ ያሳደግኋቸው። በዚህ ሳምንት ይዟቸው ይሄዳል። እለፍ እንጂ፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው።»

አላለፈም። ሮለሩን አንጠልጥሎ ቆመ፤ አንድ ጠብታ ጫማው ላይ ወደቀች። እሷ ብሩሿን ይዛ ቀለሙ ያለቀበት ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የምትዳብሰው አልነበራትም፤ እሷም ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ መሐል ተያዩ።

«ልጆቹን አምጪያቸው» አለ። «እዚህ አምጪያቸው። እናቴ ደስ ይላታል። እኔ…»

«አባት አላቸው። ጥሩ አባት ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«እህቴ ትወደው ነበር።»

«እኔንስ?»

ቀማሚዋ መልስ አላጣችም። እወድሃለሁ ማለት ቀላል ነበር፤ ካለችው ግን ከዚያ ግቢ እግሯ አይወጣም። ዓይኗን ከፊቱ አንሥታ በመስታወቱ ውስጥ ወደሚታዩት ወንበሮች አሻገረች።

«መኪናህ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት» አለችው።

ጥርስ ሠሪው ሳቀ። አጭር፣ ደረቅ ሳቅ ነው። እናቱ ከበረንዳ «ምን አግኝታችሁ ነው?» ቢሉ «ምንም። ጥርስ ባዳ ነው» አላቸው። አሮጊቷ ቆመው ሁለቱንም አዩና ወደ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ሮለሩን መልሶ ነክሮ የቀረውን ግማሽ ቀባ። እሷም ከኋላው ተከትላ ዳበሰችለት። ሲጨርሱ ግን ኮፈኑ መሐል ላይ፣ ሮለሩ የቆመበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀጭን መስመር ቀርታለች። ጎንበስ ብሎ በብርሃን ላላየ ሰው አትታይም። ለሁለቱ ግን ከመኪናዋ ሁሉ የምትታየው እሷ ነበረች።

«በደንብ ሲደርቅ በውሃ አሽተህ አለስልሰውና አንድ ጊዜ ድገመው» አለች እጇን እየጠረገች። «አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም። ቀለሙ ጣሳው ውስጥ አለልህ። ሌላ ሰው ብሩሹን ይያዝልህ።»

«ሌላ ሰው» አለ።

እስከ በሩ ሸኛት። እጁን ልትጨብጠው ብላ ሁለቱም እጃቸው ቀለም እንደሆነ አየችና ተወችው። በማግስቱ ዝናቡ ገባ፤ በሳምንቱ መጨረሻም ከልጆቹና ከአባታቸው ጋር ሄደች።

ባሏ እንዳለችው ጥሩ ሰው ነው። በደል የለም፣ ጩኸት የለም። እሷም ቀስ እያለች ለመደችው፤ እሱም በስተኋላ የልጆቹን ጫማ በልክ መግዛት ቻለ። በአዲሱ ከተማ ቀለም መሸጫ ሱቅ ገብታ እንደ ድሮው «የቱን ነጭ?» እያለች ገዢውን ግራ ታጋባለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዝም ትላለች። ባሏ ያን ሰዓት አውቆ ልጆቹን ወደ ውጭ ይዟቸው ይወጣል፤ አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ዓመታት አለፉ። ሴቷ ልጅ ቁመቷ ቀማሚዋን ደረሰ፤ ሕፃኑም ትምህርት ቤት ገባ። ወላጆቿን ሊጠይቁ ወደ ድሮው ከተማ በመጡበት ቀን መኪናቸው መስቀለኛው ላይ ቀይ መብራት ያዘው። ከማዶ፣ ከተቃራኒው አቅጣጫ፣ አንዲት ዝቅ ያለች መኪና መጥታ ቆመች።

«እማ፣ ያቺን መኪና እያት» አለ ልጁ ከኋላ ወንበር ተንጠራርቶ።

አየቻት። መሪውን የያዘው ጥርስ ሠሪው ነው፤ ጠጉሩ ገባ ብሏል። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ እናቱ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው «ብትሞትም አትገባባትም» ያላቸው ሴትዮ። ወደዚህ አላዩም፤ ምናልባት ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ነበረች።

«ጎበዝ ሰው ነው የቀባት» አለ ባሏ።

«አዎ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መኪናዋ ተንቀሳቅሳ ስትመጣ ፀሐይዋ በኮፈኗ ላይ ጋደም አለች። መስመሯ መሐል ላይ፣ ያኔ ባለችበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር አለች። ማንም አልነካትም።

«ኮፈኑ ላይ መስመር ቀርቶባታል» አለች ቀማሚዋ።

ባሏ ዞር ብሎ አየ። «የቱ ጋ? ለእኔ አልታየኝም።»

ልጁ ግን አንገቱን አስግጎ በኋላ መስታወት ተከተላት። «እማ፣ ለምን አላስተካከሉትም?»

«ቀለም አልቆባቸው ይሆናል» አለችው።

ጣሳው ሙሉ እንደነበር ታውቃለች። በእጇ የሞላችው እሷ ናት።